የቤትን የውስጥ ግድግዳ ስለ መቀባት

ልጆች ሆይ፥ ግድግዳን መቀባት ቀላል ሥራ ይመስላል። ቀለሙን በጥብጦ ቡርሹን ነክሮ ወደ ላይና ወደ ታች ማስኬድ ብቻ ስለሚመስል፥ ብዙ ሰው ያለ ትምህርት የሚችለው ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን በየመንደሩ ብትመለከቱ በመስከረም እንደ ወተት ነጭ የነበረው ግድግዳ በጥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲላላጥ ታያላችሁ። የቤቱም ባለቤት «የሸጡልኝ ኖራ ክፉ ነበረ» ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ነጋዴው በዚህ ነገር የለበትም። ግድግዳው ሳይዘጋጅ ተቀብቶ ነው። ቀለም የሚይዘው ከሥሩ ያለው ነገር ጠንካራ፥ ደረቅና ንጹሕ የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ ከሥሩ ያለው አቧራ የሆነ እንደ ሆነ ግን ከአቧራው ጋር አብሮ ይረግፋል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ቀለም ቀቢ ከቀኑ የሚበልጠውን ክፍል የሚያጠፋው በመፋቅ፥ በመድፈንና በመጥረግ ነው፤ ቡርሹን የሚያነሣው ወደ ማታ ነው።

ግድግዳ የሚቀባውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። መስኮቱ ትንሽ በሆነ ቤት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት ብርሃን በጥላሸት በጠቈረ ግድግዳ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ግድግዳው ይውጠዋል። አዲስ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ግን ካረፈበት ብርሃን ከ100 እጅ 80 ያህሉን መልሶ በቤቱ ውስጥ ይበትነዋል። በኩራዝ ወይም በአንድ አምፑል የሚያጠና ልጅ ያንኑ መብራት በጥቁር ቤትና በነጭ ቤት ቢያበራው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ትኋን ቀን ቀን በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊትም የተኛውን ሰው ደም ሊጠጣ ይወጣል። ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኖ ግድግዳው ነጭ የሆነ እንደ ሆነ መሸሸጊያው ይጠበዋል፤ የቀረውም በነጩ ላይ ሲሄድ በቶሎ ይታያል።

አስቀድመን ስለ ጭቃ ቤት እንናገር፤ በአገራችን በገጠርም በከተማም እጅግ ብዙ ሰው የሚኖረው እንጨት ቆሞ፥ ማገር ታስሮ፥ ጭቃ በተመረገበት ቤት ነውና። ለምርጊት የሚሆነው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ በየጊዜውም ውሃ እየተጨመረበት በእግር ይረገጣል። ጭድ የሚጨመርበት ምክንያት ይህ ነው። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭዱ በውስጡ እንደ ክር ተሠራጭቶ ስለሚይዘው ትልቅ ስንጥቅ በመሆን ፈንታ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይሆናሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ፈጽሞ ደርቆ ስንጥቁን ሁሉ ሳያወጣ ሁለተኛውን ልስን መደረብ አይገባም። ቸኩሎ የደረበ ሰው የታችኛው ስንጥቅ በላይኛው ላይ ሲደገም ያየዋል፤ ከዚያም በኋላ ቀለም ቢቀባበት መሥመሩ አይጠፋለትም። ለሁለተኛው ልስን አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ ጭዱም በጣም ደቅቆ ይገባል። በብዙ አገር እበት ይጨምሩበታል፤ በእበቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ የሣር ጭረት ጭቃውን ያያይዘዋልና።

የጥንት ሠዓልያን ይህን የጭቃ ጠባይ በደንብ ያውቁት ነበር። በጣና ደሴቶችና ዳርቻ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የመቅደሱን ግድግዳ የሚመለከት ሰው ሥዕሉ በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣለ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙው ሥዕል ያለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በግድግዳው ላይ ተለጥፎአል። ጨርቁ በጭቃውና በቀለሙ መካከል ስላለ፥ ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ ጥቂት ቢሰነጠቅ ሥዕሉ ወዲያው አብሮ አይሰነጠቅም። በመኖሪያ ቤታቸው ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በጨርቅ ፈንታ አሮጌ ጋዜጣ ይለጥፋሉ። ከግድግዳ ላይ ጋዜጣ እያነበበ ፊደሉን ያጠና ልጅ አይጠፋምና ነገሩን ፈጽሞ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ወረቀቱ በላላበት ስፍራ ሁሉ ከበስተኋላው የትኋን ቤት ይሆናል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚሆነው ጊዜውን ባለማወቅ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤትን ማሳመር የቆየና ያማረ ልማድ ነው። ሆኖም በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ሲዘንብበት የከረመ የጭቃ ግድግዳ በመስከረም መጀመሪያ ገና ውሃ እንደ ጠጣ ነው። ፊቱ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ያ ውሃ በበጋው ፀሐይ መውጣት ይፈልጋል፤ ሲወጣም ፊት ለፊት ያገኘውን ቀለም ይገፋዋል። ያን ጊዜ ቀለሙ መጀመሪያ ያብጣል፥ ቀጥሎም ይላጣል። ስለዚህ ለበዓሉ ቤቱን መጥረግ፥ የፈረሰውን መለሰን፥ ቢያስፈልግም አንድ ጊዜ ቀጭን ኖራ ማስነካት ይበቃል። ዋናው ሥራ በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ወይም ዝናብ ከሌለ ከፋሲካ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። እንደ ደብተር ገጽ ያህል የሆነ ላስቲክ ቈርጣችሁ አራቱን ጠርዝ በግድግዳው ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉትና አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ተዉት። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን ስታነሡት ወደ ግድግዳው በዞረው ፊቱ ላይ የውሃ ጠብታ ያያችሁ እንደ ሆነ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ጠብታው በውጭው ፊት ያለ እንደ ሆነ ግን የቤቱ አየር እርጥብ ነውና በርና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ውሃው ከግድግዳው የሆነ እንደ ሆነ ቡርሹን አስቀምጣችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ክዳኑ ያፈስሳልን? የክዳኑ ጠርዝ አጭር ሆኖ ዝናቡ ግድግዳውን ይመታዋልን? ከቤቱ ኋላ አፈር ተቈልሎ ግድግዳውን ተደግፎታልን? የዕቃ እጣቢ የሚደፋው ከግድግዳው ሥር ነውን? ከነዚህ አንዱ አይታጣም። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቈፍሮ ውሃውን ማራቅ ከሦስት ጊዜ ቅብ ይበልጣል፤ ወጪውም የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የጥላሸት ነገር ይመጣል። በቤቱ ውስጥ እሳት የሚነድድ እንደ ሆነ ግድግዳው በጥቀርሻ ይለበሳል። በጥቀርሻ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ለጥቂት ቀን ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያም ከሥሩ እንደ ቡና እድፍ ያለ ነገር እየወጣ ያበላሸዋል። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ በሳሙና ውሃ ሊታጠብ ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ግን አይታጠብም፤ ስለዚህ ጥቀርሻው ተፍቆ ይነሣና በላዩ ቀጭን አዲስ ልስን ይደረብበታል። ሲፋቅ አፍንጫና አፍ በጨርቅ መሸፈን አለበት። መሶቡ፥ ጋኑ፥ መኝታውና መጻሕፍቱም አስቀድመው ወደ ውጭ ይውጡ፤ የማይወጣው ይሸፈን። ማድጋው ውስጥ ጥቀርሻ የገባባት እናት ስለ ግድግዳው ውበት ምንም ብትነግሯት አትሰማችሁም።

ግድግዳው ደርቆ፥ ተፍቆና ተደፍኖ ሲያበቃ ኖራው ይዘጋጃል። የኖራ ታሪክ ከሥራው ሁሉ የሚያስደንቅ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበት። ኖራ የሚገኘው ከኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በአገራችን በብዙ ስፍራ ይገኛል፤ በሙገር ሸለቆ፥ በድሬዳዋ አካባቢና በመቀሌ ዙሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የተተከሉት ስለዚሁ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ያህል ሲቃጠል በውስጡ ተይዞ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይወጣል። ይህ አየር እኛ ስንተነፍስ ከሳንባችን የምናወጣው ነው። ንጹሕ የሆነ 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ቢቃጠል 44 ኪሎው በአየር ይሄድና 56 ኪሎ ያልበረደ ኖራ ይቀራል። ያልበረደው ኖራ ውሃ ሲነካው እሳት ሳይኖር ይፈላል፥ ይጨሳል፥ ይሰነጣጠቃል፤ በመጨረሻም እንደ ዱቄት ወይም እንደ ሊጥ ይሆናል። ያን ጊዜ በረደ ይባላል። ይህ የበረደው ኖራ በውሃ ቀጥኖ በግድግዳ ላይ በተቀባ ጊዜ፥ በምድጃው ውስጥ ያጣውን ያንኑ አየር ከቤቱ ውስጥ ጥቂት በጥቂት መልሶ ይወስዳል፤ ሲወስድም እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በኖራ የተቀባ ግድግዳ እንደ ወረቀት የቀጠነ ድንጋይ ለብሶአል ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በጎንደር የተሠሩት የነገሥታት ግንቦች ድንጋያቸው እርስ በርሱ የተያያዘው በዚሁ በኖራ ነው።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ልብ አድርጋችሁ አንብቡ። ኖራ ዓይንን ያጠፋል። ያልበረደውን ኖራ የሚያበርድ ሰው ኖራውን በውሃው ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አያፈስስም፤ ያለዚያ በድንገት ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫል። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጅ ከሩቅ ቆሞ ይመልከት። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛው አስቀድሞ የበረደ ነው፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን ቈዳን ይልጣል፥ ዓይንንም ያቃጥላል። በተለይ ጣሪያ ወይም ከራስ በላይ ያለ ግድግዳ ሲቀባ ከቡርሹ የሚወርደው ጠብታ ወደ ዓይን ይወድቃል። ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽር የተገኘ እንደ ሆነ ይደረግ፤ ያልተገኘ እንደ ሆነ ልጆች ከራሳቸው በላይ አይቀቡ፤ አዋቂውም ከሥሩ ፈንጠር ብሎ ይቁም። ኖራ ወደ ዓይን የገባ እንደ ሆነ ማሸት ክልክል ነው። ወዲያው በንጹሕ ውሃ፥ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ፥ ሳያቋርጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ማፍሰስ፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ቅቤ፥ ወተትና የተቀጠቀጠ ቅጠል አይደረግበትም። ሥራው ሳይጀመር አንድ እንስራ ንጹሕ ውሃ በበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ችግር ከደረሰ በኋላ ወደ ምንጭ መሮጥ አይቻልምና።

ኖራው በባልዲ ውስጥ ተበጥብጦ በቀጭን ጨርቅ ይጠለላል። ውፍረቱ እንደ ወተት መሆን አለበት፤ እንደ አጥሚት የወፈረ እንደ ሆነ ውሃ ይጨመር። አንዳንድ ሰዎች በአንድ ባልዲ ውስጥ እፍኝ ወይም ሁለት እፍኝ ጨው ይጨምሩበታል። ጨው እርጥበትን የሚይዝ ስለ ሆነ ኖራው ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳዋል። ጨው የበዛ እንደ ሆነ ግን በዝናብ ወራት ግድግዳው ሲያልበው ይኖራል።

ከመቀባቱ በፊት ግድግዳው በውሃ ይረጫል፤ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይውረድበት። ይህ ከላይ ስለ ደረቅ ግድግዳ ከተናገርነው ጋር የሚጣላ ይመስላል፤ አይጣላም። የምንፈራው ከውስጥ የሚመጣውን ውሃ ነው፤ የምንረጨው ግን ፊቱን ብቻ ነው። ደረቅ የጭቃ ግድግዳ የኖራውን ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚጠጣው ኖራው አየሩን መልሶ ሳይወስድ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ተደግፋችሁበት ስትነሡ ጋቢያችሁን ወይም ነጠላችሁን የሚያነጣው ግድግዳ ይህ የደረሰበት ነው፤ ወይም ደግሞ በአንድ ጊዜ በጣም ወፍሮ የተቀባ ነው።

ስለ ውፍረቱ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታለሉበት ነገር አለ። ኖራ ሲቀባ ነጭ ሆኖ አይታይም፤ እንደ አጓት ያለ ነው፥ ከሥሩም ያለው ጭቃ ይታያል። ይህን ያየ ልጅ «አልያዘም» ብሎ ይደርብበታል፥ እንደ ገናም ይደርብበታል። በማግስቱ ሲደርቅ ግን ነጭነቱ ብቅ ይላል፤ የደራረበውም ወፍራም ሆኖ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ቀጭን ቅብ ቀብቶ መተው፥ በማግስቱም ግድግዳውን ጥቂት አርጥቦ ሁለተኛውን መድገም፥ በሦስተኛውም ቀን መሠለስ ይገባል። የመጀመሪያው ቅብ ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሁን፤ በዚህ ዓይነት ቡርሹ የዘለለው ስፍራ አይኖርም።

ነጭ ብቻ የማይወድ ሰው በኖራው ውስጥ የአፈር ቀለም ሊጨምር ይችላል። ቀይና ቢጫ አፈር ከኖራ ጋር ይስማማሉ፤ ቀለማቸው አይለቅም። ከቅጠልና ከአበባ የሚወጣ ቀለም ግን ኖራው ይበላዋል። በሐረር ከተማ በቆዩት ቤቶች ውስጥ ግድግዳው በነጭ ሲቀባ ወለሉና የመቀመጫው መደብ በቀይ አፈር ይቀለማል፤ ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ ሲታዩ ቤቱን እንደ ተነጠፈ ስጋጃ ያስመስሉታል።

በከተማ ግን ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ እንደ ሆነ ሰው ከሱቅ በጣሳ የሚሸጠውን ቀለም ይገዛል። ከነዚህ አንዱ በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ የሚባለው ነው፤ ሌላው የዘይት ቀለም ነው። ይህን ዓይነት ቀለም በጭቃ ግድግዳ ላይ መቀባት ብርን መጣል ነው። ኖራ ቀዳዳ ስላለው ግድግዳው ይተነፍስበታል፤ የዘይት ቀለም ግን እንደ ላስቲክ ይዘጋዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከነ ጭቃው ቈርሶ ይጥለዋል። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም 4 ሳምንት ያህል ሳይደርቅ አይቀባም። ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ቅብ ውሃ በዝቶበት ቀጥኖ ይቀባል።

ምን ያህል ቀለም እንደሚገዛ ለማወቅ ሒሳብ የተማረ ልጅ ለአባቱ ሊረዳው ይችላል። ክፍሉ ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን፥ ርዝመቱና ወርዱ ተደምሮ 7 ይሆናል፤ ግድግዳው አራት ስለ ሆነ እጥፉ 14 ነው፤ በ2 ተኩል ሲባዛ 35 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሩና መስኮቱ 3 ካሬ ሜትር ቢሆኑ ይቀነሱና 32 ይቀራል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይቀባል። ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ 64 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 7 ሊትር ይበቃል። ሒሳቡን ሳያደርግ የሚሄድ ሰው ወይ ይተርፈዋል ወይ ያንሰዋል፤ ሲያንሰው ሌላ ጊዜ የሚገዛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር ልክ ለልክ አይመሳሰልም።

ስለ ዘይት ቀለም አንድ ብርቱ ነገር መነገር አለበት። በቀድሞ ዘመን ነጭ የዘይት ቀለም የሚሠራው ከእርሳስ ብረት ነበረ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የቤቶችን የውስጥ ግድግዳ በነጭ እርሳስ መቀባትን የሚከለክል የመንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔቭ ተደርጎአል። በኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የሚወስን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶአል፤ ደንቡም ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ነገር ግን አሮጌው ቀለም ከአሮጌው በርና መስኮት ላይ ገና አለ። እርሱን በደረቁ መፋቅ መርዙን ወደ አየር መበተን ነው። በውሃ እየረጠበ ይፋቅ፤ ፍቅፋቂው ተሰብስቦ ይወሰድ እንጂ አይቃጠል፤ እስኪጠረግ ድረስ ሕፃናት ወደዚያ ክፍል አይግቡ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ነገር ነው። ቀለሙ ቶሎ ይድረቅልን፥ ሽታውም ይጥፋ ብለው በክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃ አግብተው በሩንና መስኮቱን ዘግተው የሚተኙ አሉ። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፤ የሚተነፍሰውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፥ ያስተኛዋል፥ ይገድለዋልም። አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ሌሊት ሊያልቅበት ይችላል። ቀለም የሚደርቀው በነፋስ ነው። በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይዋል፤ የዘይት ቀለም የሆነ እንደ ሆነ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ለጥቂት ሌሊት በሌላ ክፍል ወይም በዘመድ ቤት መተኛት ነው።

የሥራው ተራ አጭር ነው። ኮርኒሱ በመጀመሪያ ይቀባል፤ ጠብታው በግድግዳው ላይ ቢወርድ ግድግዳው በኋላ ይሸፍነዋልና። ቀጥሎ በማዕዘኖቹና በመስኮቱ ዙሪያ በትንሽ ቡርሽ ይዞራል፤ ከዚያ ሰፊው ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በትልቅ ቡርሽ ወይም በሩሎ ይቀባል። አንድ ግድግዳ የተጀመረ እንደ ሆነ እስኪያልቅ ድረስ አይቋረጥ። በመካከሉ ለምሳ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲቀጥል፥ የደረቀውና አዲሱ የተገናኙበት ቦታ እንደ ልብስ ስፌት ሆኖ ይታያል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል እስከ ጕልበት ቁመት ድረስ በጠቈር ባለ ቀለም ቢቀባ መልካም ነው፤ የልጆች እግርና መጥረጊያ የሚያቆሽሹት ያንን ነው።

ማታ ቡርሹ ሳይደርቅ ይታጠብ፤ የፕላስቲክ ቀለም በውሃ ይለቃል፥ የዘይት ቀለም ግን በአኳራጅ ካልሆነ አይለቅም። አኳራጅ እሳት ስለሚይዘው ከምድጃ ይራቅ፤ ያጠቡበትም ከጕድጓድ ውሃ አጠገብ አይደፋ። የተረፈው ኖራ አይጣልም። በማድጋ ወይም ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይደረግና ውሃ አራት ጣት ያህል ከላዩ ይቁምበት፤ አየር እንዳያገኘው ይከደን። ልጆችም እንዳይከፍቱት ከፍ ካለ ስፍራ ይቀመጥ። እንዲህ የተቀመጠ ኖራ ለሚመጣው ዓመት እየለሰለሰ ይቆያል፤ ሲፈለግ ከሥሩ ተቈንጥሮ እንደ ገና በውሃ ይበጠበጣል።